ከድንኳኑ በፊት መድረስ፦ ስለ መርሳት በሽታ በዕድርዎ ለመናገር የሚረዳ መመሪያ

መስከረም 11 ቀን የዓለም የአልዛይመር ቀን ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 21። እኛ ዘንድ ቀኑ በእንቁጣጣሽና በደመራ መካከል ይውላል። ከክፍለ ሀገርም ከውጭም የመጡ ልጆች ወላጆቻቸውን የሚያዩበት ሰሞን ነው። «እማዬ ምን ነካት? አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ትጠይቀኛለች» የሚለው ወሬ የሚነሳውም ያኔ ነው። አብሯት የሚኖረው ሰው ለውጡ ቀስ እያለ ስለመጣ ልብ አይለውም፤ ዓመት ቆይቶ የመጣው ግን ገና ቡናው ሳይፈላ ያስተውለዋል። ከዚያ አንድ ትልቅ ሰው «ተዉአት፣ እርጅና ነው» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ይዘጋል።

ይህ መመሪያ ወሬው በዚያው እንዳይዘጋ ለሚፈልግ ሰው የተጻፈ ነው። ሐኪም መሆን አይጠበቅብዎትም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የመርሳት በሽታ ነበረባቸው፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በሽታው የሀብታም አገር ጣጣ አይደለም፤ የእኛም ነው።

ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ይደርሳል። በመርሳት በሽታ ግን ቤተሰብ የሚደክመው ከሞቱ በፊት ባሉት ረጅም ዓመታት ነው። እኔ የምለው፣ ዕድሩ በእነዚያ ዓመታት ይድረስ ነው። እንዲደርስ ደግሞ መጀመሪያ ማወቅ አለበት፤ የእርስዎ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መድረኩን ያግኙ

የዕድሩን ሰብሳቢ ከስብሰባው ሳምንት ቀደም ብለው ያነጋግሩ። በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ይጠይቁ፤ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። ሰዓቱ ከመዋጮው በፊት ይሁንልዎ። መዋጮ ከተከፈለና ስም ከተጠራ በኋላ ግማሹ ሰው ጃኬቱን ይዞ ይነሳል፤ የቀረው ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

በወንዶቹ ስብሰባ ብቻ አይወሰኑ። የታመመን አዛውንት የሚያጥቡት፣ የሚያበሉት፣ ሌሊት አብረው የሚነቁት በአብዛኛው ሴት ልጆችና ምራቶች ናቸው፤ የሴቶች ዕድር ባለበት ሰፈር ዋናው መድረክ እሱ ነው። ሰንበቴም፣ የጽዋ ማኅበርም፣ የመስጊድ ጀማዓም ያው መድረክ ነው። ደግሞ አንድ የሚረሳ ሰው አለ፦ የቤት ሠራተኛዋ። ቀኑን ሙሉ ከአዛውንቷ ጋር የምትውለው፣ ለውጡንም ከማንም በፊት የምታየው እሷ ናት። የዕድር አባል ስላልሆነች ግን ማንም አይጠራትም። ሰብሳቢው በጥሪው ላይ «አዛውንት የምትጠብቁ ሠራተኞችም ኑ» ብለው እንዲጨምሩበት ያድርጉ።

በሽታውን አስቀድመው ራስዎ ይረዱት

ሃያ ደቂቃ ለመናገር የሚበቃው ዕውቀት ይህን ያህል ነው። ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት በሽታ የምንለው የአንድ በሽታ ስም አይደለም፤ አንጎል ተጎድቶ ማስታወስ፣ ማሰብ፣ ቋንቋና የዕለት ሥራ ሲበላሹ የሚሰጥ የጋራ ስም ነው። ከበሽታዎቹ ሁሉ የሚበዛው አልዛይመር ነው፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ይይዛል። ስሙን ያገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ሐኪሙ በ1906 እ.ኤ.አ. በቱቢንገን ከተማ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ የአንዲት ሕመምተኛውን ታሪክ አቀረበ። ሴትዮዋ ፍራንክፈርት ሆስፒታል ስትገባ ዕድሜዋ 51 ብቻ ነበር። ስትሞት አንጎሏን በአጉሊ መነጽር ሲመረምር በነርቭ ሕዋሶቹ መካከል የተከማቸ ባዕድ ነገርና በሕዋሶቹ ውስጥ የተተበተበ ክር አየ። ዛሬ የመጀመሪያው አሚሎይድ፣ ሁለተኛው ታው ከተባሉ ፕሮቲኖች እንደሚመጣ ይታወቃል።

ይህን ታሪክ ለሰው ይንገሩት። ጥቅሙ ሁለት ነው። አንድ፣ በሽታው በአንጎል ላይ በዓይን የሚታይ ጉዳት እንጂ የጠባይ ብልሽት እንዳልሆነ ያሳያል። ሁለት፣ በ51 ዓመት የመጣን ነገር «እርጅና ነው» ማለት አይቻልም። ዕድሜ ሲገፋ በሽታው እየበዛ ይሄዳል፤ ቢሆንም እየረሱ ማርጀት የሁሉም ዕጣ አይደለም። ሰማንያ አልፈው የዕድሩን ሒሳብ ሳይሳሳቱ የሚይዙ አባት በየሰፈሩ አሉ፤ እሳቸውን ይጥቀሱ።

ከአልዛይመር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የአንጎል ደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣው ነው። ይህኛው ከደም ግፊት፣ ከስኳርና ከስትሮክ ጋር የተያያዘ ነው። በአንድ ሰው ላይ ሁለቱ አብረው መገኘታቸውም የተለመደ ነው።

ምልክቶቹን ከራሳችን ኑሮ ያውጡ

ከንግግርዎ ግማሹን ለዚህ ይስጡት። ከውጭ የሚመጡ በራሪ ጽሑፎች «የቼክ ደብተር ማመዛዘን ያቅተዋል» ይላሉ፤ ይህ ለእማማ ምንም አይነግራቸውም። እርስዎ የሰፈሩን ኑሮ ይዘው ይናገሩ።

ለምሳሌ ቀን መቁጠር። ትምህርት ቤት ያልገቡ እናት ቀኑን የሚይዙት በቅዱሳን ስም ነው፤ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔዓለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይጠየቁ «ነገ አቦ ናቸው» ሲሉ የኖሩ ሴት ዛሬ ማን እንደሆነ ደጋግመው መጠየቅ ከጀመሩ፣ ወይም በጾም ቀን የፍስክ ወጥ ሠርተው ከጠበቁ፣ ትልቅ ምልክት ነው። ለሙስሊም አዛውንትም እንዲሁ ነው፦ ሰላቱን ሰግደው ጨርሰው «አልሰገድኩም» ብለው ደግመው መነሣት፣ ረከዓው መደባለቅ፣ የውዱእ ቅደም ተከተል መጥፋት።

ቡናንም ያንሱ፤ ቡና ማፍላት ብዙ ደረጃ ያለው ሥራ ስለሆነ ችግሩን ቶሎ ያጋልጣል። ማጠብ፣ መቁላት፣ መውቀጥ፣ ጀበናውን መጣድ፣ ማስከን፣ መቅዳት። እናት ቡናውን ቆልተው ሳይወቅጡ ጀበናው ውስጥ ሲጨምሩ፣ ወይም ሁለተኛውን ቀድተው ገና አቦል እንዳልቀዱ ሲሆኑ፣ ያየ ጎረቤት ስቆ አይለፈው። ሃምሳ ዓመት በእጅ የኖረ ሙያ እንዲሁ በድካም አይጠፋም።

ከዚያ ሌሎቹን ያስከትሉ። መዋጮ ሁለት ጊዜ መክፈል፣ ወይም ከፍሎ አልከፈልኩም ማለት፤ የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ይህን ከልጆቹ ቀድሞ ያውቀዋል። በለመዱት ገበያ መልስ መቁጠር ማቃት። ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የቤት መንገድ መሳት። ዕቃን እንግዳ ቦታ ማኖር፣ ከዚያም ሲያጡት «ተሰረቅኩ» ማለት። ይህች የመጨረሻዋ ብዙ ቤት አምሳለች። እናት ወርቃቸውን ሽሮ ዕቃ ውስጥ ይደብቁታል፤ የደበቁበትን ይረሱታል፤ ሠራተኛዋ ሌባ ተብላ ትባረራለች። ቀጥላ የመጣችውም እንዲሁ። ሠራተኛ በላይ በላዩ በስርቆት የሚባረርበት ቤት ካለ፣ ከሠራተኞቹ ይልቅ የአዛውንቷን ጤና መጠየቅ ይቀድማል። ይህን በስብሰባው ላይ ሲናገሩ አንገቱን የሚደፋ ሰው ያያሉ፤ አይጫኑት፣ ዝም ብለው ይለፉ።

የጤነኛውንም መርሳት አብረው ያስረዱ፤ አለዚያ ጉባኤው ሁሉ ራሱን በሽተኛ ያደርጋል። የሰው ስም ጠፍቶ ማታ ትዝ ማለት፣ ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት የማንም ነው። የሚያሳስበው እየባሰ የሚሄድና የዕለት ኑሮን የሚያሰናክል ሲሆን ነው።

አንድ ተቃውሞ ሳይነሳ አይቀርም፦ «አባቴ የጣሊያንን ዘመን ወሬ እንደ ትናንት አጥርቶ ያወራል፤ እንዴት የመርሳት በሽታ አለበት ይባላል?» አልዛይመር በአብዛኛው የሚጀምረው አዲስ ነገርን በሚመዘግበው የአንጎል ክፍል ነው። ስለዚህ የጥንቱ ሳይነካ የጠዋቱ ቁርስ ይጠፋል። የድሮን አጥርቶ ማውራት የጤንነት ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን ሳይረዳ ወላጁን ከማስመርመር ወደኋላ ያለ ልጅ ብዙ ነውና ጊዜ ወስደው ይመልሱለት።

አንዱን ነገር ለይተው፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይናገሩ፦ መቀባዠሩ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ የመርሳት በሽታ ነው ብሎ መቀመጥ አይገባም። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ እጥረት፣ የስኳር መውረድ፣ በመውደቅ የመጣ የጭንቅላት ደም መፍሰስ አዛውንትን በአንድ ሌሊት ያስቀባዥራሉ። ይህ በዚያው ቀን ሆስፒታል የሚወስድ ነገር ነው፤ ቶሎ ከተደረሰበትም ብዙ ጊዜ ይድናል።

ለሚመጡት ጥያቄዎች ይሰናዱ

«እርግማን ነው፣ መተት ነው» የሚል ይነሳል። አይሳለቁበት፤ አይከራከሩትም። የአንጎሉን ጉዳት ደግመው ይንገሩና «እናታችን ያጠፉት ነገር የለም፣ ማንም አልረገማቸውም» ብለው በአጭሩ ይቁረጡት። ጠበል ላይ የሚነሳውን ጥያቄ ቢችሉ አንድ ካህን ይዘው ይመልሱት። ጠበልና ሕክምና አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም እንዲወስዱ በይፋ መምከራቸው ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። እርስዎ የሚለምኑት ይህን ነው፦ ጠበሉ ምርመራውን አያዘግየው፣ የጀመሩት መድኃኒት አይቋረጥ፣ አዛውንቷም ለብርድ ተጋልጠው ወይም ታስረው አይጠመቁ።

«ይተላለፋል?» አይተላለፍም፤ አብሮ በመብላትም፣ በመተቃቀፍም። «በዘር ይወረዳል?» ገና በወጣትነት የሚጀምርና በቀጥታ ከወላጅ የሚወረስ ዓይነት አለ፤ እጅግ ጥቂት ነው። ለብዙው ሰው ወላጁ መታመሙ ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል እንጂ አይቆርጥበትም።

«መድኃኒት አለው?» የሚያድን የለም። ይህን ሳይሸፋፍኑ ይናገሩ። እንደ ዶኔፔዚል እና ሜማንቲን ያሉት ምልክቱን ለጊዜው ያቀልላሉ። በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ የሰጠችው ሌካኔማብ የተባለ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ደግሞ በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ባሉ ሕሙማን የበሽታውን ጉዞ በመጠኑ ያዘገያል፤ አንጎል ላይ እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል በተደጋጋሚ የኤምአርአይ ክትትል ይፈልጋል። ስለዚህ «አእምሮ የሚመልስ» ብሎ ጠርሙስ ይዞ ወደ ሰፈራችሁ የሚመጣን ነጋዴ አትመኑ ይበሏቸው። የመርሳት በሽታን የሚያድን እንክብል ቢገኝ ዜናው በዓለም ሁሉ ይሰማ ነበር።

ወዴት እንደሚኬድ ሳይነግሩ አይውረዱ

ምልክት አስተምሮ መሄጃ አለመንገር ፍርሃት ዘርቶ መሄድ ነው። መነሻው በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ ነው። ቤተሰቡ ከመሄዱ በፊት ሦስት ነገር ይያዝ፦ አዛውንቱ የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ተጠቅልሎ፤ የታየው ለውጥ መቼ እንደጀመረ የሚገልጽ ማስታወሻ፤ አብሯቸው የሚውለው ሰው ራሱ። ከውጭ የመጣው ልጅ ከፋይ ስለሆነ ብቻ ሐኪም ፊት እሱ ይቀርብና የሚያውቀው ሰው ቤት ይቀራል፤ ይህ ልማድ ይቅር።

የመድኃኒቱ ፌስታል ለምን ያስፈልጋል? አንዳንድ የእንቅልፍ፣ የጭንቀትና የአለርጂ መድኃኒቶች በአዛውንት ላይ ማስታወስን ያደነዝዛሉ፤ እነሱን መለወጥ ብቻውን ለውጥ የሚያመጣበት ጊዜ አለ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ ማነስ፣ ድብርት፣ ቂጥኝና ኤች አይ ቪም የመርሳት በሽታ መስለው ሊመጡ ይችላሉ፤ ሊታከሙም ይችላሉ። ቤተሰቡ ሐኪሙን «የደም ምርመራ አያስፈልጋቸውም ወይ?» ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ከጤና ጣቢያው ሪፈር ሲጻፍ መሄጃው የነርቭ ወይም የአእምሮ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጥቁር አንበሳና አማኑኤል የሚታወቁ ናቸው።

የማስታወስ ፈተናውን በተመለከተ ልብ ይበሉ። ብዙዎቹ ፈተናዎች የተሠሩት ለተማረ ሰው ነው፤ ቃል ወደኋላ ፊደል በፊደል ጥሩ፣ ቅርጽ ሣሉ ይላሉ። እርሳስ ይዘው የማያውቁ እናት ይህን ቢወድቁ ምንም አያስደንቅም። የተለያየ ባህልና የትምህርት ደረጃ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጁ፣ እንደ ሩዳስ ያሉ መመዘኛዎች አሉ። ቤተሰቡ «እናታችን አልተማሩም» ብሎ አስቀድሞ ይንገር፣ ስለ ቡናውና ስለ ቅዱሳኑ ቀን የታየውንም ያስረዳ።

ይህ በተለይ ውጭ ላሉ ወገኖች ይሠራል። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላይ በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ የተፈተኑ አዛውንት የቋንቋ ችግራቸው እንደ በሽታ ሊቆጠር፣ በሽታቸውም እንደ ቋንቋ ችግር ሊታለፍ ይችላል። ደግሞም በኋላ ዕድሜ የተማሩት ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይሸሻል፤ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ የተናገሩ አባት ወደ አማርኛቸው ብቻ ሲመለሱ ልጆቹ «አኩርፎ ነው» ይላሉ። የልጅ ልጅ አያስተርጉም፤ ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ይጠየቅ። በአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር ቀንና ሌሊት የሚሠራ ነጻ የስልክ መስመር አለው፦ 1-800-272-3900። በአስተርጓሚም ያነጋግራሉ። አሜሪካ ላሉ ዘመዶቻችሁ ላኩላቸው ይበሉ።

በስብሰባው ቀን ደም ግፊት ያስለኩ

የወረዳውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መለኪያ ይዛ እንድትመጣ አስቀድመው ይጋብዙ። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ዘገባ እንደሚለው፣ በሕይወት ዘመን ሊስተካከሉ የሚችሉ 14 መንስኤዎች ቢወገዱ 45 በመቶ የሚሆነውን የመርሳት በሽታ መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻል ነበር። ከእነዚህ አንዱ በጎልማሳነት ዕድሜ የሚመጣ ደም ግፊት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሳያምም የሚኖር፣ በመለካት ብቻ የሚታወቅ። 140 በ90ና ከዚያ በላይ የተለካ ሰው በሌላ ቀን ተመልሶ ይለካ፣ ደግሞ ከፍ ካለ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሰው ንግግር ይረሳል፤ ክንዱ ላይ ተለክቶ የሰማውን ቁጥር ግን ይዞ ይሄዳል። በሃምሳ ዓመቱ ግፊቱን የሚቆጣጠር ሰው ለሰባ ዓመቱ አንጎል እየሠራ ነው።

ከቀሩት ውስጥ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ውፍረትና እንቅስቃሴ ማጣት ሰው የሚገምታቸው ናቸው። ያልተገመቱት ላይ ያተኩሩ። ጆሮ መክበድ አንዱ ነው፤ የማይሰማ ሰው ከጨዋታው ይወጣል፣ አንጎሉም ሥራ ያጣል። አንዳንዱ የጆሮ ኩክ ሲወጣለት የሚሰማ ነው። የዓይን ሞራ ሳይገፈፍ መቆየት ሌላው ነው። የልጅነት ትምህርት ማጣትም ከመንስኤዎቹ ተቆጥሯል፤ ሴት ልጅን ማስተማር የዛሬ ስልሳ ዓመት የምትሆነዋን አያት መጠበቅ ነው። የጭንቅላት ጉዳት፣ የአየር ብክለት፣ ድብርት፣ ብቸኝነትም አሉበት። ብቸኝነት ላይ ዕድሩ ሐኪም አያስፈልገውም። ማን ነው ለቡና መጠራት ያቆመው? ስሙን ሰፈሩ ያውቀዋል።

ጎረቤት እንዴት እንዲሆን ያሳዩ

እዚህ ላይ ንግግር ትተው በተግባር ያሳዩ። አንድ ሰው አስነሥተው እንደ አዛውንት ያስቀምጧቸው። እኛ ለዘመድ ሰላምታ ስንሰጥ የምንሠራው አንድ ነገር አለ፤ በፍቅር ነው፣ ግን ያሳምማል። እጅ እንይዝና «እስቲ ማን ነኝ? ረሱኝ እንዴ? ይወቁኝ!» እንላለን። አዛውንቷ ይጨነቃሉ፣ ያልሆነ ስም ይጠራሉ፣ ቤቱ ይስቃል። በዚህ ፈተና ተዋርደው በሚቀጥለው ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚገቡ እናት አሉ። በዚህ ፋንታ ገና ከበሩ «እማማ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ የጎረቤትዎ የወይዘሮ እገሊት ልጅ ነኝ» ማለትን ያለማምዷቸው። ጉባኤው ሁለት ሦስት ጊዜ ይበለው፤ አፍ ሲለምደው ይቀራል።

ሁለተኛው ትምህርት መርዶ ነው። እናት ከሞቱ ዓመታት ያለፋቸውን ባላቸውን «የት ሄዱ? ምነው ዘገዩ?» ብለው ይጠይቃሉ። «ሞተዋል እኮ፣ ረስተሽው ነው?» ማለት በየቀኑ አዲስ መርዶ ማርዳት ነው፤ እሳቸው አሁን እንደሰሙ ሆነው ያለቅሳሉ። ማረም የሚያስገኘው ጥቅም የለም። «ናፈቁዎት አይደል? እስቲ ስለሳቸው ያጫውቱኝ» ይበሏቸው። ይህ መዋሸት ነው ብሎ የሚከራከር አጥባቂ ሰው ይኖራል። እኔ እንደማምነው፣ ያዘነን ሰው ከሐዘኑ ጋር ማጫወት ከውሸት አይቆጠርም።

ስለ መጥፋት ደግሞ ዝግጅት ያስፈልጋል። በአዛውንቱ ኪስ፣ በነጠላቸው ጠርዝ ወይም በአንገታቸው ላይ የቤተሰብ ስልክ የተጻፈበት ነገር ይኑር። በስልክ የተነሣ የቅርብ ጊዜ ፎቶ ይቀመጥ። ባለሱቁ፣ የታክሲ ተራ አስከባሪው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ወይም የመስጊዱ ጥበቃ መልካቸውን ይወቁ። የጠፉ ቀን ሳይውል ሳያድር መፈለግ ይጀመር፣ ለፖሊስም ወዲያው ይነገር። ብዙ ጊዜ የሚሄዱት ወደ ድሮ ቤታቸው፣ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤታቸው ወይም ወደ ደብራቸው ነው፤ ፍለጋው ከዚያ ይጀምር። የዕድሩ ጡሩምባ ለመርዶ የተለመደ ስለሆነ ሰፈሩን ያስደነግጣል፤ የዕድሩን ቴሌግራም ግሩፕና የአጥቢያውን ድምፅ ማጉያ ይጠቀሙ።

እንዳይጠፉ ብሎ አልጋ ላይ ማሰርና ክፍል መቆለፍ በየሰፈሩ አለ። በስም ሳይጠሩ በግልጽ ይናገሩት። የሚያስር ሰው በአብዛኛው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ብቻውን ሆኖ፣ ሥራ መሄድ ስላለበት ነው። መልሱም ዕድሩ ዘንድ አለ።

አስታማሚውን የዕድሩ ጉዳይ ያድርጉት

ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸው ለሞት ብቻ የተጻፈ ነው። እርስዎ ከስብሰባው ይዘው መውጣት ያለብዎት ውሳኔ አንድ ነው፦ አዛውንት በምታስታምም ቤት አባላት በተራ ሁለት ሰዓት እየተቀመጡ፣ አስታማሚዋ ገበያ እንድትሄድ፣ ቤተ ክርስቲያን እንድትስም፣ ወይም እንድትተኛ። ገንዘብ አይጠይቅም። ለለቅሶ ሦስት ቀን የሚቀመጥ ሰፈር በሳምንት ሁለት ሰዓት አይጠፋውም። የኤች አይ ቪ ወረርሽኝ በከፋበት ዘመን ለሕሙማንና ለወላጅ አልባ ሕፃናት ደንባቸውን ያሻሻሉ ዕድሮች ነበሩ፤ ሰብሳቢው «እንዲህ ያለ ነገር በዕድር የለም» ካሉ ይህን ያስታውሷቸው።

ስለ ንብረትም አንድ ቃል ይጨምሩ፣ ከዚያ በላይ አያራዝሙት። ውክልናና ኑዛዜ የሚደረገው አዛውንቱ የሚፈርሙትን አውቀው መፈረም በሚችሉበት ጊዜ ነው፤ ምርመራው እንደታወቀ ቤተሰቡ የሕግ ባለሙያ ያማክር። ይህ ጊዜ ካለፈ በኋላ ጣታቸውን ቀለም አስነክቶ ማስፈረም ወንጀልም ነው፣ የወንድማማች ጠብም ነው።

በንግግርዎ ሁሉ የሰፈሩን ሕመምተኛ በስም አይጥሩ። «እንደ እማማ እገሊት» ማለት ምሳሌው ቢገባም ልጆቿን ከዕድሩ ያሸሻል። ቤተሰቡ ራሱ ልናገር ካለ ግን ቦታውን ይልቀቁለት። የቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በኖቬምበር 1994 እ.ኤ.አ. አልዛይመር እንዳለባቸው በራሳቸው ደብዳቤ ለሕዝብ ሲገልጹ፣ ብዙ የአሜሪካ ቤተሰብ ደብቆት የኖረውን ነገር ማውራት ጀመረ። በእኛ ሰፈር የአንድ የተከበሩ አባት ልጅ ቆሞ «አባቴ ይህ በሽታ አለበት፤ መንገድ ላይ ስታዩት እጁን ይዛችሁ ቤት አድርሱልኝ» ቢል የእርስዎ ሃያ ደቂቃ ከሚያደርገው የበለጠ ያደርጋል።

ከስብሰባው በኋላ

በዚያው ቀን ማንም እጁን ባያወጣ አይዘኑ። ጥያቄ ያለው ሰው ሁሉ ሲበተን ጠብቆ፣ በር ላይ ወይም መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ይመጣል። ስለዚህ ቶሎ አይሂዱ፤ ወንበር በመሰብሰብ ይቆዩ። የሚነግርዎትን ለማንም አይናገሩ፣ የጤና ጣቢያውን ቀጠሮ ግን አብረውት ይያዙ፣ የሚሸኘው ከሌለ አብረውት ይሂዱ።

ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ ጸሐፊው ሁለት ነገር በአጀንዳ እንዲይዝልዎ ያድርጉ፦ የተራ መቀመጡ የት ደረሰ፣ ግፊታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው ሰዎች ተመልሰው ተለክተዋል ወይ። በሦስተኛው ወር የሚያስታምሙ ሁለት ቤተሰቦች ካሉ እርስ በርስ ያገናኟቸው፤ ስለ ሌሊት አለመተኛትና ስለ ገላ መታጠብ እምቢታ ከሐኪም የማይሰሙትን አንዷ ለሌላዋ ትነግራታለች። ማንም ካልመጣ ደግሞ ምናልባት መድረኩ ስላልሆነ ነው። ወደ ሴቶቹ ዕድር ይሂዱና እንደገና ከቡናው ይጀምሩ።